ርካሽ ጊታር፣ ያገለገለ ኢንተርፌስ፣ ነፃ ሶፍትዌር፤ ታዲያ ድምፁ ለምን ዝንብ ዝንብ አለ?

ጉዳዩ የአንድ ጓደኛዬ ነው፣ ስሜን አትጥራ እንጂ የቀረውን እንደፈለግክ ጻፈው ብሎኛል። ልጁ ጊታር ይችላል፣ እጁ ንፁህ ነው፣ ሪትም ላይ ደግሞ ከብዙ ሰው ይሻላል። የራሱን ዘፈኖች ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀድቶ ለድራመሩና ለቤዚስቱ ሊልክ ነበር ያሰበው፣ እነሱ በላዩ ላይ ይጫወታሉ ማለት ነው። ያለው ዕቃ ሦስት ሲንግል ኮይል ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) የተገጠመለት ርካሽ ጊታር፣ ያገለገለ ባለሁለት ቻናል ዩኤስቢ ኢንተርፌስ (ጊታሩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ)፣ ዕድሜው የገፋ ላፕቶፕ፣ ሄድፎን፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር የመለማመጃ አምፕና አንድ የዘፈን ማይክ ነው። ሶፍትዌሩ በሙሉ ነፃ። አምፑን እንደልቡ መክፈት አይችልም፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰው ይተኛል፣ ስለዚህ ዕቅዱ ጊታሩን በቀጥታ ኢንተርፌሱ ላይ ሰክቶ አምፑን በፕላጊን፣ ማለትም የአምፕን ሥራ በሚሠራ ሶፍትዌር፣ መተካት ነበር።

አካሄዱ በራሱ ምንም ችግር የለበትም። ጊታርን ያለ አምፕ በቀጥታ መቅዳት የቸገረው ሰው ዘዴ ይመስላል እንጂ በ1960ዎቹ ዲትሮይት ውስጥ የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ኢንጂነሮች ጊታሩንም ቤዙንም በቀጥታ ወደ ኮንሶሉ (የስቱዲዮው ትልቅ ሚክሰር) ያስገቡ ነበር። እነሱ ግን ለዛ ብለው የሠሩት ሳጥን ነበራቸው፣ ነገሩም ያለው እዛ ሳጥን ውስጥ ነው፣ እመለስበታለሁ።

የላከልኝን ሰማሁት። ዲስቶርሽኑ (ሆን ተብሎ የሻከረው የጊታር ድምፅ) ጠርሙስ ውስጥ እንደታሰረ ዝንብ ይጮሃል፣ ከሥሩ ሃም የሚባለው የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ አለ፣ ኖቱ ሳያልቅ ጭራው ይቆረጣል፣ ሲጫወት ደግሞ ድምፁ ዘግይቶ ነው ጆሮው የሚገባው። እሱ የደረሰበት መደምደሚያ ዕቃው አይረባም የሚል ነው፣ የተሻለ ኢንተርፌስና ሀምበከር (ሃም የሚሽር ፒካፕ) ያለው ጊታር ሊገዛ ብድር መጠየቅ ጀምሯል። ቆይ አንዴ፣ ምንም ሳትገዛ መጀመሪያ ፕሮጀክቱን ከነትራኩ ላክልኝ አልኩት።

ደግነቱ የቀዳው ደረቁን ሲግናል ነው፣ ፕላጊኑ ትራኩ ላይ የተቀመጠ እንጂ አብሮ የተቀዳ አይደለም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ጊታሩ ብቻ ስለሆነ አምፑን የፈለግከውን ያህል መቀያየር ትችላለህ። ፕላጊኑን ስከፍተው ቀጭኑን ድምፅ የሚያበሩት ትሬብልና ፕሬዘንስ ሙሉ፣ ዲስቶርሽኑን የሚጨምረው ጌይን ሙሉ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ከፊቱ ደግሞ ኖይዝ ጌት (ድምፅ ዝቅ ሲል የሚዘጋ በር) ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል። ደወልኩለት።

«ትሬብሉን ለምን እዚህ ድረስ ወሰድከው?»

«ካልጨመርኩት የታፈነ ነው እኮ፣ ምንም ጥርት አይልም።»

«ጌይኑስ?»

«ሰስቴይን የለውም ባክህ፣ ኖቱ ቶሎ ይሞታል።»

«ጌቱን ፈታ አድርገዋ።»

«ከፈታሁትማ ሃሙ ይገድለኛል።»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው የገባኝ። እያንዳንዱን ኖብ እዛ የወሰደው ከሱ በፊት ያለ ሌላ ችግርን ለመሸፈን ነው። ሲግናሉ ሲገባ የታፈነ ነው፣ ትሬብል ይጨምራል፤ ትሬብልና ጌይን ሲጨምር ሃሙ አብሮ ይጨምራል፤ ሃሙን ለመዝጋት ጌቱን ያጠብቃል፤ ጌቱ ኖቱን ይቆርጥና ሰስቴይን ጠፋ ብሎ እንደገና ጌይን ይጨምራል። እንዲህ ሲዞር ነው የከረመው። ስለዚህ ፕላጊኑን መነካካት ትተን ከክሩ ተነስተን ወደ ሄድፎኑ በተራ መሄድ ነበረብን፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርን።

ፕላጊኑን አጥፍቼ ደረቁን ትራክ ብቻውን ሰማሁት። ሲንግል ኮይል ጊታር ደረቁን ሲሰማ ብሩህ መሆን አለበት፣ ፒኩ ክሩን ሲነካው ያለችው ጠቅታ ቁልጭ ብላ ትሰማለች። የሱ ላይ የለችም። የጊታሩ ቶንና ቮልዩም ሙሉ ክፍት ናቸው ወይ አልኩት፣ ናቸው አለ። ገመዱንም ቀይሮ ሞክሯል። እንግዲያው የኢንተርፌሱን ፊት ፎቶ አንስተህ ላክ አልኩት፣ ላከ፣ ጃኩ የገባበት ቀዳዳ አጠገብ «ኢንስት» (ኢንስትሩመንት ለማለት ነው) የሚል ትንሽዬ በተን አለ፣ አልተጫነም። ጊታሩ ይህን ሁሉ ጊዜ ላይን ኢንፑት ላይ ነበር።

ሰው ይሄን በተን ድምፅ መጨመሪያ ብቻ ይመስለዋል፣ አይደለም። ባትሪ የሌለው የጊታር ፒካፕ ማለት ማግኔት ላይ ብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው፣ የሚያወጣው ጉልበት ትንሽ ነው፣ ኢምፒዳንሱም (ለሲግናሉ ያለው ተቃውሞ) ድምፁ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። የጊታር አምፕ ኢንፑት 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሚደረገው ለዚህ ነው፣ ፒካፑን ሳይጫነው እንዲሰማው። ላይን ኢንፑት ግን እንደ ኪቦርድና ሚክሰር ላሉ ጠንካራ ሲግናሎች የተሠራ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በ10 ወይም በ20 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው ያለው፣ ጊታር ስትሰካበት ፒካፑን ይጫነዋል፣ መጀመሪያ የሚሞተው ደግሞ ከላይ ያለው ብሩህ ክፍል ነው። ከተቀዳ በኋላ በኢኪው (የቀጭኑንና የወፍራሙን ድምፅ መጠን ማስተካከያ) ልመልሰው ብትል የጠፋውን ስታነሳ ኖይዙንም አብረህ ነው የምታነሳው። የሞታውን ሳጥን ሥራም በዋናነት ይሄው ነበር፣ የጊታሩን ሲግናል ኮንሶሉ በሚፈልገው መልክ ማድረስ። ኢንተርፌስህ ይሄ በተን ከሌለው ወይም ሚክሰር ላይ እየሰካህ ከሆነ በፈር (ፒካፑ እንዳይጫን ሲግናሉን የሚያጠነክር ሰርኪት) ያለው ፔዳል መሀል ላይ ማስገባት ይበቃል፣ እንደ ቦስ ያሉ ብዙ ፔዳሎች ጠፍተው እንኳ ኃይል እስካገኙ ድረስ ሲግናሉን በበፈር ነው የሚያሳልፉት።

በተኑን ተጫነ፣ ያንኑ ሪፍ እንደገና ቀዳ፣ ላከልኝ። ደረቁ ትራክ አሁን ጊታር ሆኗል። ከፕላጊኑ ጋር ሲሰማው ግን ተበሳጨ። «አባባስከው እኮ፣ ዝንቡ ጮኸ!»

ልክ ነው፣ መጮህ ነበረበት፣ ምክንያቱም ሌላው ጉድለት እስካሁን በታፈነው ሲግናል ተሸፍኖ ነበር። እየተጠቀመ ያለው ኒውራል አምፕ ሞደለርን ነው፣ ነፃና ኦፕን ሶርስ ነው፣ የእውነተኛ አምፕ ባህሪ የተቀዳበትን ፋይል ትጭንበታለህ። ችግሩ እሱ የጫነው ፋይል የአምፑን ብቻ ነው፣ ካቢኔት (ስፒከሩ ከነሳጥኑ) የለውም። እና ዲስቶርሽን ያለ ካቢኔት እንዲህ ነው የሚጮኸው፣ በዓለም ላይ ያለ በጣም ውድ አምፕ ብታመጣም ያው ነው። የጊታር ስፒከር እንደ ሙዚቃ መስሚያ ስፒከር ሁሉንም ድምፅ እኩል አያወጣም፣ የተለመደው ባለ 12 ኢንች ከ5 ኪሎኸርዝ አካባቢ በላይ ቁልቁል ነው የሚወርደው፣ ዲስቶርሽን የሚፈጥረው ሻካራ ነገር ደግሞ በብዛት ያለው እዛ ላይ ነው። አምፕ ፊት ቆመህ የምትወደው ድምፅ ግማሹ የዛ ስፒከር ቆራጭነት ነው።

መፍትሄው ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባለው አጭር የድምፅ ፋይል ነው፣ አንድ ካቢኔትና ማይክ ድምፁን እንዴት እንደሚቀርጹት የተያዘበት። በነፃ የሚለቀቁ ሞልተዋል፣ ፕላጊኑ ራሱ መጫኛ ቦታ አለው። አንዱን ጫነና ዝም አለ። ከዛ ትሬብሉን ራሱ መሀል ላይ መለሰው፣ ፕሬዘንሱንም፣ ማንም ሳይነግረው። አንድ ጥንቃቄ አለ፣ አንዳንዱ የአምፕ ፋይል ካቢኔቱንም ጨምሮ የተቀዳ ነው፣ በዛ ላይ ሌላ ካቢኔት ከደረብክ ድምፁ ይታፈናል፣ እና ፋይሉ ምን እንደያዘ መግለጫውን አንብብ። በነገራችን ላይ ነፃ ነው ተብሎ አምስት መቶ ካቢኔት አውርዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀያይር የሚያድር ሰው አለ፣ ዘፈን ግን አይቀዳም። ሦስት ሰምቶ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲያጠፋ ነገርኩት፣ አንዱን መረጠ፣ ሌሎቹን አላጠፋም መሰለኝ።

ቀጥሎ ሃሙ። በቪዲዮ ተደዋወልን፣ ጌቱን ሙሉ በሙሉ አጠፋው፣ ጊታሩን ሳይመታ ይዞ ወንበሩ ላይ ቀስ እያለ እንዲዞር አደረግኩት። ፊቱን ወደ ላፕቶፑ ሲያዞር ሃሙ አበደ፣ ጎኑን ሲሰጥ ወረደ፣ አንዲት ቦታ ላይ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፣ ትንሽ አለፍ ሲል ተመልሶ መጣ። በአቅጣጫ የሚለዋወጥ ከሆነ ፒካፑ ከአካባቢው ማግኔታዊ መስክ እየለቀመ ነው ማለት ነው፣ ሲንግል ኮይል ተፈጥሮው ነው፣ የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ ወይም እንደ አገሩ 60 ኸርዝ ነው የሚሰማው። ጊብሰን ውስጥ ሴት ላቨር በ1955 ሀምበከሩን የሠራው ይሄን ለማጥፋት ነው፣ ሁለት ኮይል በተቃራኒ አድርጎ አንዱ የለቀመውን ሌላው እንዲሽረው። የጓደኛዬ ጊታር ግን ያው ነገር በከፊል ነበረው ሳያውቀው! ባለአምስት ቦታ ስዊች ያላቸው ብዙ ጊታሮች የመሀሉ ፒካፕ በተቃራኒ የተጠመጠመ ስለሆነ 2ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ ሃም ይሽራሉ። ስዊቹን 4 ላይ አደረገው፣ ሃሙ ወረደ። ለሪትሙ ድምፁም ተስማማው፣ ለሊዱ (ለሶሎው) ብቻ ወደ ድልድዩ ፒካፕ ይመለሳል።

ከሃሙ ሌላ ግን ቀጭን ሲጥጥጥ የሚል ነገር ነበረ፣ ዞረም አልዞረ አይለወጥም። ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ንቀለው አልኩት፣ ነቀለ፣ ወዲያው ጠፋ። መልሶ ሲሰካው ተመለሰ። ይሄ ከቻርጀሩ በዩኤስቢው በኩል የሚመጣ ነው፣ ቀላሉ መድኃኒት ሲቀዱ በባትሪ መሥራት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ፣ አንዳንዱ ሰው ሃም አጠፋለሁ ብሎ የአምፑን ወይም የኮምፒውተሩን ሶኬት የመሬት መስመር ይቆርጣል፣ በፍፁም እንዳታደርጉት፣ ክሮቹ ከዛ መስመር ጋር የተገናኙ ናቸው፣ የሆነ ቀን አንድ ነገር ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ የሚያገኘው እጅህን ነው። ክሩን ስትነካው ኖይዙ ቀነስ ካለ ደግሞ አትደንግጥ፣ ብልሽት ሳይሆን ጤነኛ ጊታር የሚያደርገው ነው።

ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ጌቱን መልሰን ስንከፍተው ያን ያህል ሥራ አልነበረውም። ለስለስ አድርገን አስተካከልነው፣ በኖቶቹ መሀል ያለውን ጸጥታ ብቻ እንዲጠብቅ፣ ጭራቸውን እንዳይነካ። ጠፋ የተባለው ሰስቴይንም ተመለሰ፣ ጌይኑን ከግማሽ በታች አውርደነው ማለት ነው።

መዘግየቱ የዕቃ ጉዳይ ሳይሆን የሴቲንግ ነው። ዊንዶውስ ላይ የራሱን የተለመደ የድምፅ ድራይቨር ነበር የሚጠቀመው፣ በፈሩም (ከፔዳሉ በፈር ሌላ ነው፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን) 1024 ሳምፕል ላይ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ ስትሠራ 1024 ሳምፕል በአንድ አቅጣጫ ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ መግቢያና መውጫው ሲደመር ከ40 ያልፋል፣ በዛ ላይ ሪትም መጫወት አይቻልም፣ እጅህ ሳታውቀው እየዘገየ ይሄዳል። መዘግየቱን የሚቀንሰውን የኢንተርፌሱን አዚዮ (ASIO) ድራይቨር አስጫንነውና ወደ 128 አወረድነው፣ በአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ለማነፃፀር ያህል ከአምፑ 3 ሜትር ርቆ የቆመ ጊታሪስት ድምፁን የሚሰማው 9 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ላፕቶፑ አርጅቶ ስለሆነ በ128 ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፣ ስለዚህ ሲቀዳ ሌሎቹን ትራኮች ፍሪዝ ያደርጋቸዋል (ፕላጊናቸው ላፕቶፑን እንዳያደክም)፣ ሚክስ ሲያደርግ በፈሩን መልሶ ወደ 1024 ያወጣዋል። ሲቀዳ ዝቅ፣ ሚክስ ላይ ከፍ፣ በቃ።

ሌቭሉን ቶሎ ልለፈው። ዌቭፎርሙ ትልቅ ሆኖ እንዲታየው ብሎ ጌይኑን ጨምሮ ኃይለኛ ኮርዶቹ ቀዩን ይነኩ ነበር። 24 ቢት ላይ ይሄ አያስፈልግም፣ ጠንክረህ ስትመታ ከፍተኛው ነጥብ -12 ዲቢ አካባቢ ቢሆን ከበቂ በላይ ነው፣ 0 ላይ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም። አምፕ ፕላጊንም የሚገባበት ሲግናል በበዛ ቁጥር ዲስቶርሽን ይጨምራል፣ ጌይኑ ሩብ ላይ ሆኖ ድምፁ ለምን ሻከረ የሚል ሰው አንዳንዴ መልሱ ኢንተርፌሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ክሩ። መጀመሪያ መሆን ነበረበት ይላል አንዳንድ ሰው፣ እስማማለሁ፣ ግን አዲስ ክር እስኪያገኝ ሌላውን ጨርሰን ነበር። የነበረው ክር ዝጎ ጠቁሯል። አዲሱን አስሮ ኢንቶኔሽኑን (አንገቱ ላይ ወደ ላይ ሲኬድም ኖቱ ልክ መሆኑን) አየን፣ ክፍቱን ክርና 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚወጣውን በቱነር እያስተያየ፣ የተጫነው ከፍ ካለ ሳድሉን (ድልድዩ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን) ወደኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደፊት። ወፍራሙ ክር ላይ ደግሞ የሚወዛወዝ እንግዳ ድምፅ ነበር፣ ቱን ሆኖም ያልሆነ የሚመስል፣ እሱ የመጣው ፒካፑ ለክሩ በጣም ተጠግቶ ማግኔቱ ክሩን ስለሚስበው ነው፣ በስክሩ ድራይቨር ትንሽ ዝቅ ሲያደርገው ጠፋ። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም ሥራ ለጆሮ ብዙ ለውጥ ያመጡት ሁለቱ ካቢኔቱና ክሩ ናቸው፣ በተኑ ደግሞ እነሱ እንዲሰሙ አደረገ።

ወፈር ያለ ሪትም ሲፈልግ ያደርግ የነበረው አንዱን ትራክ ኮፒ አድርጎ አንዱን ግራ ሌላውን ቀኝ ማድረግ ነበር። ይሄ ምንም አያሰፋም፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጆሮ መሀል ላይ ጮክ ያለ አንድ ጊታር ነው የሚሰማው። አንዱን ጥቂት ሚሊሰከንድ ብታዘገየው በሄድፎን ሰፋ ይልልሃል፣ በስልክ ስፒከር ሞኖ ሲሆን ግን እርስ በርስ ይበላላል። የሚሠራው ሁለቴ መጫወት ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሁለት የተለያዩ ቴኮች። እዚህ ላይ ነው የሱ ሪትም ያዋጣው፣ ሁለተኛው ቴክ ከመጀመሪያው ጋር ሲገጥም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ጌይኑን አንድ ትራክ ብቻ ሲሆን ከምታደርገው ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ራሱ ይወፍራል። ኢኪው ላይ ያደረግነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ከ90 ኸርዝ በታች ቆረጥን፣ የመጨረሻው ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ላይ ቢሆንም እዛ አካባቢ ያለውን ቤዙ ይይዘዋል፣ ሁለተኛ ከ3 እስከ 4 ኪሎኸርዝ መሀል አንዲት የምትወጋ ቦታ ፈልገን በጠባቡ ዝቅ አደረግናት።

ማይኩና ትንሿ አምፕስ? ቀን ቀን ሰው በሌለበት ሞክሮታል። ባለ 8 ኢንቹ በዲስቶርሽን ያን ያህል አልሆነም፣ ክሊን ላይ ግን ደስ የሚል የካርቶን ዓይነት ባህሪ አለው፣ አንድ ኢንትሮ ላይ ተጠቅሞበታል። ማይኩን ጨርቁ ላይ አስጠግቶ ከስፒከሩ መሀል ጀምሮ ወደ ጠርዙ ጣት በጣት ያንቀሳቅሰዋል፣ መሀሉ ላይ ስለታም ነው፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይለሰልሳል፣ ያቺ ትንሽ እርምጃ ከማንኛውም ኢኪው ትበልጣለች። ለዚህ ሥራ ሁሉም ሰው የሚጠራው ከ1965 ጀምሮ ያለው የሹር ኤስኤም 57 ነው፣ የሱ የዘፈን ማይክ እሱ አይደለም ግን ዳይናሚክ ስለሆነ ሥራውን ሠርቶለታል።

ዘፈኖቹን ለድራመሩ ልኳል፣ ድራሙ እየተቀዳ ነው። ከዕቃ የገዛው ክር ብቻ ነው። የቻርጀሩ ሲጥታ እንዳለ ነው፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ስላረጀ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ቴክ ይቀዳል፣ ቻርጅ እያደረገ ያርትዓል፣ ነቅሎ እንደገና ይቀዳል። ሀምበከር ያለውን ጊታር አሁንም ይፈልገዋል፣ እኔም አልከለከልኩትም፣ አንገቱ ለእጁ ይመቸዋል ብሏል፣ እሱ በቂ ምክንያት ነው።